ፓይተን ላይ ስክሪን ማጽዳት፦ ምን ይጠፋል፣ ምን ይቀራል?

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ምዝገባም ስለ ድንበርም አይደለም። በስልክም ሆነ በካምፕ ውስጥ ባለ የጋራ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ መማር ለጀመራችሁ ነው።

ፓይተን የጀመረ ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ይጠይቃል። «ስክሪኑ በስህተት መልእክት ሞላብኝ፣ እንዴት ነው የማጸዳው?» ይላል። መልሱ በአንድ መስመር ሊያልቅ ይችል ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ያሰላው ሁሉ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ስክሪኑን አይነካም፤ በተዝረከረከ ጽሑፍ መሀል ሲዳክር ይውላል። ሌላው የጻፈውን የግል ነገር ከስክሪኑ ላይ ያነሣና «ጠፋ» ብሎ ከወንበሩ ይነሣል፣ በወንበሩም ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። የመጀመሪያው በከንቱ ይፈራል። ሁለተኛው ግን መፍራት ሲገባው አልፈራም።

ካርቱም ሰላም በነበረች ጊዜ ጀብራ፣ ደይም ወይም ጅሬፍ የሚኖር ሐበሻ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ወይም የሚያውቅ ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ይጠይቅ ነበር። በሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ልክ የፋሲካ ዋዜማ ዕለት፣ ጦርነቱ ሲነሣ ያ ሁሉ ተበተነ። ከጀብራ የወጣው ገሚሱ ወደ መደኒ፣ ገሚሱ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ፣ ገሚሱ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። መደኒ አረፍኩ ያለውም በታኅሣሥ 2016 እንደገና ጓዙን ጠቅልሎ ተነሣ። ላፕቶፕ ይዞ የወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ስልክ ግን ብዙ ሰው ይዟል። ስለዚህ ከታች የምንለው ነገር በተቻለ መጠን በስልክም የሚሠራ እንዲሆን አድርገናል።

መጀመሪያ ሼል የምንለውን ነገር እንግለጸው። ፓይተንን ስትከፍቱት እንዲህ ያለ ምልክት አውጥቶ ይጠብቃችኋል፦

>>>

ይህ ማለት «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» ነው። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር ትጫናላችሁ፣ ወዲያው ይመልስላችኋል። ጨዋታ ነው፤ አንተ ትላለህ፣ እሱ ይላል። ሙሉ ፕሮግራም በፋይል ጽፎ ከማስኬድ የሚለየውም በዚህ ነው። ለተማሪ በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የተሳሳተውን እዚያው ያየዋል። ችግሩ የተባባላችሁት ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይከማቻል። ሃያ ስህተት ከሠራችሁ ሃያው ቀይ መልእክት ከላይ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል። በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ አንድ የስህተት መልእክት ብቻውን ግማሹን ቦታ ይይዛል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ፣ እስከ መጨረሻው እንጠቀምበታለን። ፓይተን ከሦስተኛው ቅጽ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ወዲህ፣ ለምንሰይማቸው ነገሮች በፊደላችን ስም እንድንሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ ይህን መጻፍ ትችላላችሁ፦

>>> ቤተሰብ = 5
>>> ዱቄት = 10
>>> ቤተሰብ * ዱቄት
50

አምስት ሰው ለእያንዳንዱ አሥር ኪሎ ቢደርሰው ሃምሳ ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ አሥር ኪሎ ማን ሰጥቶን!) አሁን ቤተሰብ እና ዱቄት የሚሉት ስሞች በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ሌላ ነገር ነው፤ የንግግሩ ቅጂ ነው። ስሞቹ ያሉት ከስክሪኑ ጀርባ ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው በእሷ ላይ ነው።

ወደ ማጽዳቱ እንሂድ። የፓይተን የራሱ ትዕዛዞች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እኛ ግን እዚህ አጠራራቸውን ወይም ፊደላቸውን አንድ በአንድ እየጠራን እንጽፋቸዋለን፤ አጠገባችሁ ላለ ሰው ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡለትም እንዲገባው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ የማድረግ አመል አለው፤ ፓይተን ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፣ አይቀበልም። ይህን የኪቦርዱን አመል ከሴቲንግ ውስጥ አጥፉት።

ሊኑክስ ወይም ማክ ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ኤል የምትለዋን ፊደል መጫን ነው። ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፣ >>> ብቻ ከላይ ይቀራል። ማክ ላይ ራሱ ኮንትሮል ነው፣ ኮማንድ የሚለው አይደለም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለውን አፕ ለምትጠቀሙም ይኸው ይሠራል። ከኪቦርዱ በላይ በምትወጣው ረድፍ ላይ ኮንትሮል የሚል አለ፤ እሱን ነክታችሁ ኤልን ትጫናላችሁ። ረድፏ ካልታየቻችሁ የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ ይዛችሁ ኤልን ተጫኑ፤ ተርመክስ ያንን ቁልፍ እንደ ኮንትሮል ይቆጥረዋል።

ለምን ኤል ሆነች? ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ስክሪን ከመኖሩ በፊት ኮምፒውተር መልሱን የሚሰጠው በወረቀት ላይ በሚያትም ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው አስኪ በሚባለው የፊደላት ኮድ ውስጥ 12 ቁጥር «ይህን ገጽ ተወውና አዲስ ወረቀት ጀምር» የሚል ትእዛዝ ለማተሚያው ተሰጠው። ኤል ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ 12ኛዋ ናት። ኮንትሮልና ኤል አንድ ላይ ሲጫኑ 12 ቁጥርን ይልካሉ። እንግዲህ ቁልፉ ከመሠረቱ የሚለው «ደምስስ» ሳይሆን «አዲስ ገጽ» ነው። አሮጌው ወረቀት ወለሉ ላይ አለ። ዛሬም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፤ ስክሪኑን ካጸዳችሁ በኋላ ወደ ኋላ ብታሸበልሉ የቀድሞው ጽሑፍ ተመልሶ ይታያል። ከአጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ለማሸበለል ሙያ አያስፈልገውም።

ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ይለያል። በዕድሜ ገፋ ባሉት የፓይተን ቅጾች ኮንትሮልና ኤልን ብትጫኑ ስክሪኑ አይጸዳም፤ አንድ እንግዳ ምልክት ብቻ ይጽፍላችኋል። በካምፖችና በኢንተርኔት ቤቶች የሚገኙት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ዊንዶውስ ስለሆኑ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መንገዱ ፓይተን ራሱ ኮምፒውተሩን «ስክሪንህን አጽዳ» እንዲለው ማድረግ ነው። መጀመሪያ ኢምፖርት ብላችሁ ክፍተት ትሰጡና ኦ-ኤስ ትጽፋላችሁ፤ ኢንተር። ይህ ከኮምፒውተሩ ዋና ሥርዓት ጋር የሚያነጋግረውን ክፍል ይጠራዋል። ቀጥሎ ኦ-ኤስ፣ ነጥብ (.)፣ ሲስተም፣ ቅንፍ መክፈቻ፣ ነጠላ ጥቅስ፣ ሲ-ኤል-ኤስ፣ ነጠላ ጥቅስ፣ ቅንፍ መዝጊያ፤ ኢንተር። ስክሪኑ ጥርት ይላል። ሊኑክስ፣ ማክና ተርመክስ ላይ በዚሁ መንገድ መሄድ ከፈለጋችሁ በሲ-ኤል-ኤስ ፋንታ ሲ-ኤል-ኢ-ኤ-አር ነው የሚገባው።

ይህን ያደረገ ሰው ወዲያው ሌላ ጥያቄ ያመጣል። «ጸዳልኝ፣ ግን ከላይ 0 የምትል ቀረች። ምንድናት?» ስህተት አይደለችም። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን በሰላም ሲጨርስ ለፓይተን 0 ብሎ ይመልሳል፤ ሼሉ ደግሞ የተመለሰለትን ሁሉ ማሳየት ልማዱ ነው። ዜሮ እዚህ ቦታ «ደህና ነው» ማለት ነው።

ዜሮዋም እንዳትታይ፣ ያን ረጅም መስመርም በየጊዜው እንዳትጽፉ፣ የራሳችሁን ትእዛዝ በአማርኛ መሥራት ትችላላችሁ። ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው። ዲ-ኢ-ኤፍ ብላችሁ ክፍተት ስጡ፤ ከዚያ አጽዳ ብላችሁ ጻፉና ቅንፍ ከፍታችሁ ዝጉ፤ በመጨረሻ ሁለት ነጥብ (:) አድርጋችሁ ኢንተር። በሚቀጥለው መስመር አራት ክፍተት ሰጥታችሁ ያንን የኦ-ኤስ ሲስተም መስመር ጻፉ። ኢንተርን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። አለቀ። ከአሁን በኋላ ስክሪኑ በሞላባችሁ ቁጥር

>>> አጽዳ()

ማለት ብቻ ነው። ኮምፒውተር በአማርኛ ሲታዘዝ ማየት ለጀማሪ ልጅ የሚሰጠው ደስታ ቀላል አይደለም። ሼሉን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ግን ትእዛዙን እንደገና መሥራት አለባችሁ።

እዚህ ላይ ፊደላችን ሦስት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛው (:) መሆን አለበት። የእኛው ሁለት ነጥብ (፡) ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለፓይተን ግን የማያውቀው ምልክት ስለሆነ አልቀበልም ይላል። ነጠላ ሰረዛችንም (፣) እንደዚያው። ሁለተኛ፣ እኛ አጽዳ ብንልም አፅዳ ብንልም አንድ ነው፤ በአንዱ ጽፈን በሌላው ብናነብ ማንም አይቆጣም። ፓይተን ግን ጽ እና ፅን እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ነው የሚያያቸው። አጽዳ ብላችሁ ሠርታችሁ አፅዳ ብላችሁ ብትጠሩት «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ይላችኋል። ስም እና ሥም፣ ሀብት እና ሃብት እንዲሁ። ሦስተኛ፣ ከቴሌግራም ወይም ከዋትሳፕ ኮድ ቀድታችሁ ስትለጥፉ ጥቅሱ የተጠማዘዘ («ያማረ») ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ፓይተን ቀጥ ያለውን (') ነው የሚፈልገው። ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ አልሠራ ያለ ሰው መጀመሪያ ጥቅሱን ይይ።

የሱዳን ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። ኪቦርዱ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው። ትእዛዝ ስትጽፉ ከቀኝ ወደ ግራ የዐረብኛ ፊደል ከወጣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል።

አይድል የሚባለውን መስኮት የምትጠቀሙም አላችሁ፤ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ሲጫን አብሮ የሚመጣው ነጭ መስኮት ነው። ከላይ ያልነው እዚያ ላይ አይሠራም። ሲ-ኤል-ኤስ ብትሉ አንድ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ነጩ ግን እንዳለ ነው። ያለው መላ ባዶ መስመር እየጨመሩ አሮጌውን ወደ ላይ መግፋት ነው፦ ፕሪንት፣ ቅንፍ መክፈቻ፣ ጥቅስ፣ ወደ ኋላ ያዘነበለው መስመር (\)፣ ትንሿ ኤን፣ ጥቅስ፣ ኮከብ (*)፣ 100፣ ቅንፍ መዝጊያ። መቶ ባዶ መስመር ይጽፋል። የቆሻሻ ክምር ላይ አንሶላ እንደማልበስ ነው፣ ግን የትም ላይ ይሠራል፤ በስልክ ፓይድሮይድ ለምትጠቀሙም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ይህን ሁሉ አቅልሎታል። አዲሱ ሼል ላይ ሲ-ኤል-ኢ-ኤ-አር ብሎ ጽፎ ኢንተር መጫን ብቻ ይበቃል፤ ኢምፖርት የለ፣ ቅንፍ የለ። የያዛችሁት የትኛው ቅጽ እንደሆነ ሼሉ ሲከፈት በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስክሪኑን አጽዱና ይህን ጻፉ፦

>>> ቤተሰብ
5

አለ። አልጠፋም። ዱቄትም አለ። አስተማሪ ሰሌዳውን በዳስተር ሲጠርግ የተማሪው ደብተር ላይ ያለው እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ስክሪን ማጽዳት የሚጠርገው ለዓይን የሚታየውን ብቻ ነው። ስለዚህ «ያሰላሁት ይጠፋብኛል» ብላችሁ የምትፈሩ፣ በቀን መቶ ጊዜ ብታጸዱት አንድም ነገር አይጎድልባችሁም። ካጸዳችሁ በኋላ የትኞቹን ስሞች እንደሰየማችሁ ከረሳችሁ ደግሞ ዲ-አይ-አር ብላችሁ ቅንፍ ከፍታችሁ ዝጉ፤ በማስታወሻው ያሉትን ስሞች ይዘረዝርላችኋል። ጽ ይሁን ፅ የጻፋችሁት፣ እዚያ ታገኙታላችሁ። በሁለት ሰረዝ (__) የሚጀምሩትን እለፏቸው፣ የፓይተን የራሱ ናቸው።

አይድል ላይ የዚህን ተቃራኒ ማየት ትችላላችሁ። ሼል ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ሪስታርት ሼል» የሚለውን ብትነኩ ፓይተን እንደ አዲስ ይነሣል። ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል፣ ቤተሰብ = 5 የሚለውም ከላይ ይታያል። ግን ቤተሰብ ብላችሁ ብትጠሩት አያውቀውም። ጽሑፉ አለ፣ ነገሩ የለም። በእኔ አስተያየት ሁለቱን አንድ ላይ አንዴ ሞክሮ ያየ ተማሪ ስክሪንና ማስታወሻ ለየቅል መሆናቸውን በሦስት ገጽ ማብራሪያ ከሚረዳው በላይ ይረዳዋል።

የሁለተኛው ሰው ነገር ግን ከትምህርት ያልፋል። ሰው ሲለማመድ የሚያውቀውን ነው የሚጽፈው። ስም ሰይም ሲባል የራሱን ስም፣ ቁጥር ጻፍ ሲባል የስደተኛ መታወቂያ ቁጥሩን፣ የእናቱን ስልክ፣ የባንካክ ሂሳቡን ወይም የሐዋላ ኮዱን ይጽፋል። ከዚያ ስክሪኑን ያጸዳል። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት አንዴ ሲጫን የመጨረሻው መስመር ይመጣል፤ ደጋግሞ ሲጫን ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ እየተከታተለ ይመጣል። ሼሉ የጻፋችሁትን መስመር ሁሉ በታሪክ መዝገብ ይይዛል፣ ማጽዳት እዚያ አይደርስም። ስልክ በኬላ ላይ መፈተሽ ምን እንደሆነ ከካርቱም የወጣ ሰው አይነገረውም፤ እዚህም ጉዳዩ ያው ነው።

ሼሉን ብትዘጉትስ? ማስታወሻው ይጠፋል፤ ቤተሰብም ዱቄትም የሉም። የታሪክ መዝገቡ ግን ሊቀር ይችላል። ሊኑክስ፣ ማክና ተርመክስ ላይ ፓይተን ሲዘጋ የጻፋችሁትን መስመሮች በፋይል ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ቀን ስትከፍቱት ቀስቱን ብትጫኑ ይመጣሉ። ከ3.13 ጀምሮ ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ሆኗል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቅጾች ዊንዶውስ ላይ መስኮቱ ሲዘጋ ያልቃል። ፋይሉ ያለው በራሳችሁ ዋና ፎልደር ውስጥ ነው፤ ስሙ በነጥብ ይጀምራል፣ ከዚያ ፓይተን፣ የግርጌ ሰረዝ (_)፣ ሂስትሪ ይላል። ሊኑክስ፣ ማክና ተርመክስ ላይ በነጥብ የሚጀምር ፋይል በተለመደው መንገድ አይታይም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

እሱን ለማጥፋት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከፓይተን ትወጣላችሁ፦ ኢ-ኤክስ-አይ-ቲ፣ ቅንፍ ከፍቶ መዝጋት። ከዚያ በተርሚናሉ ላይ አር-ኤም ብላችሁ ክፍተት ሰጥታችሁ ~/. ካላችሁ በኋላ የፋይሉን ስም ትጨርሱና ኢንተር። ፓይተን ውስጥ ሆናችሁ በሌላ መስኮት ብታጠፉት ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ፓይተን ሲዘጋ ይዞት የነበረውን እንደገና ይጽፈዋል። አንድን ስም ብቻ ከማስታወሻ ለማውጣት ዲ-ኢ-ኤል የሚል ትእዛዝ አለ፤ ዲ-ኢ-ኤል ቤተሰብ ብትሉ ቤተሰብ ይሄዳል። እሱም ቢሆን ታሪኩን አይነካም፤ ቤተሰብ = 5 ብላችሁ የጻፋችሁበት መስመር በቀስቱ ይመጣል።

የምስጢር ቃል ማስገባት ግድ የሚሆንበት ልምምድ ካለ ጌትፓስ የሚባል መሣሪያ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። በተርሚናል ላይ ስትጽፉ ፊደሉ አይታይም፣ የታሪክ መዝገብ ውስጥም አይገባም። ከሁሉ የሚቀለው ግን የሐሰት መረጃ መጠቀም ነው። ለልምምድ ስም ከበደ፣ መታወቂያ 12345 ብትሉ ፓይተን አይከፋውም፤ ትምህርቱም አይቀንስም። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ልጆች የምታስተምሩ ደግሞ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ስለ ቅንፍና ስለ ጥቅስ ከመናገራችሁም በፊት።

ስለ ኔትዎርክ አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። ከላይ ካልናቸው ውስጥ አንዱም ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኢንተርኔት የሚፈልገው መጫኑ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ በሱዳን ሦስቱም ዋና ዋና ኔትዎርኮች፣ ዛይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ፣ ከሥራ ውጭ ሲሆኑ የኦንላይን ትምህርት የያዘ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ስለዚህ መስመር ባለበት ቀን ተርመክስን ከኤፍ-ድሮይድ አውርዱ፤ ከፍታችሁ ፒ-ኬ-ጂ ኢንስቶል ፓይተን በሉት። ወይም ፓይድሮይድን ከፕሌይ ስቶር። አንዴ ከገባ በኋላ ቻርጅ እስካለ ድረስ ይሠራል። ተርመክስ ውስጥ የእገዛ ገጽ መክፈት ካስፈለጋችሁ ሄልፕ ብላችሁ በቅንፍ ውስጥ የፈለጋችሁትን ስም ጻፉ፤ ማብራሪያው ያለ ኔት ይመጣል፣ ለመውጣት ኪው የምትለዋን ፊደል መጫን ነው።